አሊስተር መቶ ነጥብ ይዞም ጥሎ ይሄዳል፦ ስለ ጌም ጓደኞች ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ በፋንታሲ አርፒጂ ጌሞች (ተጫዋቹ አንድ ካራክተር ሆኖ ረጅም ታሪክ ውስጥ የሚጓዝባቸው ጌሞች) ውስጥ ከተጫዋቹ ጋር የሚጓዙ ካራክተሮችና ተጫዋቹ ለእነሱ የሚያድርበት ስሜት ነው። ጸሐፊው ስሜቱን ከነአካቴው ከንቱ ያደርጉታል። ክርክራቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ዝምድናው የነጥብ ሂሳብ ነው፤ ካራክተሮቹ ከእሺ ሌላ አያውቁም፤ ነገሩ የብቸኛ ሰው በሽታ ነው፤ ከሥሩ ሲታይ ፍቅረኛ ፍለጋ ነው፤ በአዲስ አበባ ጌም ቤቶች ሊበቅል አይችልም፤ ቢበቅልም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቅርቡ ያስረሳዋል። በተራ እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጌሞቹን ታሪክ መጨረሻ ድረስ ስለምንናገር፣ ገና ልትጫወቱት ያሰባችሁት ካለ ስሙን ስታዩ አንቀጹን ዝለሉት።

«የነጥብ ሂሳብ ነው»

ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት ባዮዌር በ2009 ያወጣውን ድራጎን ኤጅ፡ ኦሪጅንስን ነው። በዚህ ጌም እያንዳንዱ የጉዞ ጓደኛ ለተጫዋቹ ያለው ስሜት ከኔጌቲቭ 100 እስከ ፖዘቲቭ 100 በሚደርስ መስመር ይለካል። ስጦታ ሲያገኝ ይወጣል፣ ያልወደደው ነገር ሲደረግ ይወርዳል። «ስጦታ ስጥ፣ ቁጥሩን ሙላ፣ ተወደድክ» ብለው ጸሐፊው ያላግጣሉ።

መስመሩ አለ። ለብልጠት የተጋለጠ መሆኑም አይካድም፤ ከየነጋዴው ዕቃ ሰብስቦ አንድ ማታ ካምፕ ውስጥ ማደል ይቻላል። ሠሪዎቹም ለዚህ ነው ለአንድ ሰው ስጦታ በተደጋገመ ቁጥር የሚገኘው ነጥብ እያነሰ እንዲሄድ ያደረጉት። ጸሐፊው የሳቱት ግን ስጦታዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ነው።

አሊስተርን እንውሰድ። ይህ ወጣት ተዋጊ ትንንሽ ሐውልቶችና ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ይወዳል። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ብትሰጡት ያመሰግናል፣ ነጥቡ ይጨምራል፣ በዚያው አለቀ። በሬድክሊፍ ግንብ ውስጥ፣ አሳዳጊው አርል ኢመን በሚሠራበት ክፍል ጠረጴዛ ውስጥ ግን አንድ የአንገት ጌጥ አለ። የአሊስተር እናት ጌጥ ነበረ። ልጅ ሳለ ኢመን ወደ ገዳም ሲልከው ተናዶ ጌጡን ከግድግዳ ጋር አላትሞ ሰብሮታል። ጌጡን ስትሰጡት የሚገርመው መገኘቱ ብቻ አይደለም፤ አለመሰበሩ ነው። አንድ ሰው ስብርባሪውን ለቅሞ፣ አስጠግኖ፣ እነዚያን ዓመታት ሁሉ አስቀምጦታል፤ ያ ሰው ደግሞ «ጥሎኛል» ሲለው የኖረው አሳዳጊው ነው። መስመሩ እዚህም ላይ ከፍ ይላል፣ እርግጥ ነው። ይህን ያየ ተጫዋች ከዓመታት በኋላ የሚያወራው ግን ስለ ጌጡ እንጂ ስለ ቁጥሩ አይደለም። በነገራችን ላይ ጠረጴዛው በቀላሉ ይታለፋል፤ ግንቡ መጀመሪያ ሲገባበት በሚንቀሳቀሱ ሙታን የተሞላ ስለሆነ ተጫዋቹ እየተዋጋ፣ እየሮጠ ነው ክፍሎቹን የሚያልፈው። ውጊያው ሲያልቅ ተመልሳችሁ እያንዳንዱን ክፍል ፈትሹ።

አሁን ወደ ዋናው። ጌሙ ሊያልቅ ሲል የመኳንንት ጉባኤ አለ። እዚያ ሎጌይን የተባለው የጦር አለቃ ይሸነፋል። ይህ ሰው በኦስታጋር ውጊያ ጦሩን ይዞ የሸሸ፣ በዚያም ሰበብ ንጉሡንና አሊስተር እንደ አባት ያየው የነበረውን ዳንከንን ያስገደለ ነው። ተጫዋቹ ሊገድለው ወይም ይቅር ብሎ ወደ ቡድኑ ሊቀላቅለው ይችላል። ይቅር ካላችሁት አሊስተር ከቡድኑ ይወጣል። መስመሩ ላይ 100 ቢኖራችሁም ይወጣል። ጌጡን ብትሰጡትም፣ ሐውልቱን ሁሉ ለቅማችሁ ብታመጡለትም ይወጣል። ጸሐፊው እንዳሉት ነጥቡ ሁሉንም የሚወስን ቢሆን ኖሮ ይህ ትዕይንት ሊኖር አይችልም ነበር። የሂሳብ ጥያቄ ሳይሆን የደም ጥያቄ መሆኑን ጌሙ በግልጽ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላ ማስረጃ ካስፈለገ ነጥቡ ጭራሽ የማይታይበት ጌም አለ። ስኩዌር በ1997 ያወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 ለአራት ካራክተሮች ድብቅ ቁጥር ይይዛል፦ ኤሪስ ከ50 ትጀምራለች፣ ቲፋ ከ30፣ ዩፊ ከ10፣ ባሬት ከዜሮ። ይህ ቁጥር በዋናነት የሚወስነው በጎልድ ሶሰር መዝናኛ ከተማ ውስጥ ማን ከዋናው ካራክተር ከክላውድ ጋር አንድ ምሽት እንደሚወጣ ነው። ተጫዋቹ ቁጥሩን በየትኛውም ሜኑ ላይ አያየውም። ከሦስቱ ሲዲዎች የመጀመሪያው ሲያበቃ ኤሪስ ትገደላለች፤ ቁጥሯ ስንትም ቢሆን አያድናትም።

ታዲያ ለምንድነው ያ ሞት ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎትም የሚወራው? ሙዚቃው አለ፣ ትዕይንቱ አለ። ከሁለቱ ባልተናነሰ ግን የቡድኑ አሠራር ነው። ኤሪስ ልዩ ችሎታዎቿ በአብዛኛው ፈውስ ናቸው። ብዙ ተጫዋች ከሦስቱ የውጊያ ቦታዎች አንዱን ለእሷ ሰጥቶ፣ ሌቭሏን አሳድጎ፣ አደጋ በመጣ ቁጥር የእሷን ተራ ሲጠብቅ ነው የቆየው። ይዛው የነበረው ማቴሪያ (የድግምት ድንጋይ) ወደ ዕቃው ዝርዝር ይመለሳል፤ የሠራበት ሰዓት ግን አይመለስም። ሐዘኑ የሚሰማው በቀጣዩ ውጊያ ላይ ነው፤ ጤናው ሲወርድ ጣት ወደ ለመደው ስም ይሄዳል፣ ስሙ ግን የለም። የዚህ ዓይነት ትስስር የሚገነባው አብሮ በመሥራት ነው። ጸሐፊው ግን ንግግርና ስጦታ ላይ ብቻ አተኩረው ሌላውን ግማሽ ትተውታል።

«እሺ ብቻ ነው የሚያውቁት»

ሁለተኛው ክርክራቸው ከበድ ያለ ነው፤ ወጣቱን እምቢ የማይል ወዳጅ፣ እምቢ የማትል ሚስት ያስለምዳል ይላሉ። እዚህ ላይ አንድ ጌም እንደሚደግፋቸው እኛው እንነግራቸዋለን። በ2011 የወጣው ስካይሪም ጋብቻ አለው። ሪፍተን ከተማ ገብታችሁ ማራማል ከሚባለው ካህን የማራን ሐብል በ200 ወርቅ ትገዛላችሁ፣ አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ማግባት የሚቻለውን ሰው ታናግራላችሁ፣ በማግስቱ ቤተ መቅደስ ትጋባላችሁ። ከዚያ በኋላ ባል ወይም ሚስት በቀን አንድ ምግብ ይሠራል፣ ሱቅ ከፍቶ በቀን 100 ወርቅ ያስገባል። ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ጠባይ የለውም፣ ቅያሜ የለውም። ይህን ትስስር ብሎ የሚከራከር ካለ ጸሐፊው ይርቱት።

ያም ሆኖ በዚያው ጌም ውስጥ ሊዲያ አለች። ዋይትረን ላይ የመጀመሪያውን ዘንዶ ገድላችሁ ሹመት ስትቀበሉ የምትሰጣችሁ አጃቢ ናት። የምትናገረው ጥቂት ነው፣ ዕቃ ትሸከማለች፣ በር ላይ ቆማ መንገድ ትዘጋለች። ትወደዳለች ግን። ምክንያቱ የውጊያ ሥርዓቱ ውስጥ ነው። ጠላት ሲመታት በጉልበቷ ትንበረከካለች፣ ብዙውን ጊዜም ይተዋትና ትነሳለች፤ በዚያች ቅጽበት የእናንተው ሰይፍ ወይም የእናንተው የእሳት ድግምት ካገኛት ግን ትሞታለች፣ አትመለስም። ስለዚህ ሊዲያን ያጣ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ የገደላት ራሱ ነው። ጠባብ ዋሻ ውስጥ አጃቢ ፊታችሁ ቆሞ ሰፊ ቦታ የሚመታ ድግምት አትልቀቁ፤ ቀስት ወይም ነጠላ ዒላማ የሚመታውን ተጠቀሙ። ትዛዝ ብቻ የምትቀበል ካራክተር እንኳ ስህተታችን ዋጋ ሲያስከፍላት ዝም ብላ ዕቃ መሆኗ ይቀራል።

ከስካይሪም ውጭ ስንወጣ ግን የጸሐፊው ክርክር ውሃ አያነሳም። እምቢ ማለት በዚህ የጌም ዓይነት ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1998ቱ የመጀመሪያው ባልደርስ ጌት እንኳ የቡድኑ ስም በጣም ከተበላሸ ደጎቹ፣ በጣም ከገነነ ክፉዎቹ ጥለው ይሄዳሉ። በድራጎን ኤጅ፡ ኦሪጅንስ የተቀደሰውን አመድ በዘንዶ ደም ብታረክሱት እዚያው ከጎናችሁ የቆመችው ዊን ውጊያ ትከፍትባችኋለች፤ ሃይማኖተኛዋ ሌሊያናም ጠባይዋ ቀድሞ ካልተለወጠ እንዲሁ። የፈወሰቻችሁን ሴት መግደል ሊኖርባችሁ ነው። ላሪያን የተባለው ኩባንያ በ2023 ባወጣው ባልደርስ ጌት 3 ደግሞ የስደተኞቹን ጫካ ከጎብሊኖች ጋር ሆናችሁ ብትወሩ የጉዞ ጓደኞቻችሁ ካርላክና ዋይል ይለዩአችኋል። ይቅርታ ተብሎ፣ ስጦታ ተሰጥቶ የሚመለስ ነገር አይደለም።

በ2011 የወጣው ድራጎን ኤጅ 2 ከሁሉም በላይ ለዚህ ክርክር መልስ ይሆናል፤ ጸሐፊው አልጠቀሱትም። መስመሩ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ወዳጅነት፣ ሌላኛው ተቀናቃኝነት። ከአንድ ሰው ጋር ጌሙን ሙሉ እየተከራከራችሁ፣ እየተቃወማችሁት ብትሄዱ ግንኙነቱ አይሞትም፤ በሌላኛው ጫፍ ይጠነክራል፣ የውጊያ ጥቅምም ይሰጣል። ኢዛቤላ የተባለችው የባሕር ወንበዴ ከተማውን ጦርነት ውስጥ የከተተውን ዕቃ ይዛ ትጠፋለች። ተመልሳ ከጎናችሁ እንድትቆም የሚያደርጋት በወዳጅነትም ሆነ በተቀናቃኝነት ግንኙነታችሁ በቂ ርቀት መሄዱ ነው። ከሁሉም የከፋው መሃል ላይ መቅረት ነው፤ ሁሉንም ላለማስቀየም ብሎ ለሁሉም ለስላሳ መልስ የሰጠ ተጫዋች ኢዛቤላን ያጣታል። እሺ ባይነትን ያስተምራል የተባለው የጌም ዓይነት አድርባይን የሚቀጣ መሆኑ ነው እንግዲህ።

«የብቸኛ ሰው በሽታ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሥነ ልቦና ቃል ያነሳሉ፤ ፓራሶሻል። ቃሉን በ1956 ያመጡት ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል ናቸው፤ የጻፉትም ስለ ሬዲዮ፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ፊልም ሰዎች ነው፤ ተመልካቹ ያውቃቸዋል፣ እነሱ ግን አያውቁትም። ያንን በሽታ አላሉትም። በሽታ ሊባል የሚችለው ሰው ከሰው ጋር መኖሩን የተካ፣ እውነታን ሙሉ በሙሉ የካደ እንደሆነ ብቻ ነው ብለው ለይተው ጽፈዋል። ጸሐፊው ይቺን መስመር ዘለዋታል። በእሳቸው አያያዝ የእሁድ ከሰዓት የሬዲዮ ድራማ ላይ ለሞተ ሰው ያለቀሰች እናት ሁሉ ታማሚ ልትባል ነው።

አደጋው ፈጽሞ የለም አንልም። ሥራውንና ቤተሰቡን ጥሎ ስክሪን ላይ የተደፋ ሰው ችግር አለበት፤ ግን ያ ሰው ፊፋም ላይ ሊደፋ ይችላል። አሊስተር ላይ የተለጠፈው ለምን እንደሆነ ጸሐፊው አያስረዱም።

«ያው ፍቅረኛ ፍለጋ ነው»

ለዚህ ክርክራቸው ባልደርስ ጌት 3ን ያመጣሉ። ጌሙ በወጣ ሰሞን ካራክተሮቹ በሁለትና በሦስት ምሽት ውስጥ ተጫዋቹ ላይ ይረባረቡ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። የላሪያን ኃላፊ ስዌን ቪንኬ ግን የመውደድ ነጥቡ ገደብ በስህተት ዝቅ ብሎ መውጣቱን ተናግሯል፤ በኋላም ተስተካክሏል። አንድን ጉድለት የጌሙ ዓላማ አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም።

ካርላክን ብንመለከት ደግሞ ጠቅላላ ክርክሩ ይፈርሳል። ልቧ ወጥቶ በሲኦል ሞተር የተተካ ሴት ናት። ሰውነቷ ስለሚነድ ማንንም መንካት አትችልም፣ ማንም ሊነካት አይችልም። ሲኦል ብረት የሚባል ማዕድን ፈልጋችሁ ዳሞን ለሚባለው አንጥረኛ ትወስዳላችሁ። የመጀመሪያው ጥገና ስደተኞቹ ጫካ ውስጥ ነው፤ ሕመሟ ይቀልላል፣ መንካት ግን አሁንም አይቻልም። ሁለተኛው በሁለተኛው ምዕራፍ ላስት ላይት የሚባለው ማደሪያ ላይ ነው። ያኔ ነው ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የምትነካው። ይህን ለማየት ፍቅረኛዋ መሆን አያስፈልግም፤ ወዳጇ ሆናችሁ ብታቅፏት ያው ትዕይንት ነው፣ ደስታዋም ያው ነው። ብዙ ተጫዋች ከጌሙ ሁሉ ይህን የሚመርጠው ለዚህ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ላስት ላይት ላይ ኢዞቤል የምትባለው ካህን ስትጠቃ ካልተከላከላችሁላትና ከተወሰደች የማደሪያው ጥበቃ ይፈርሳል፣ ዳሞንም ይሞታል፣ ሁለተኛው ጥገና አይኖርም። ስለዚህ ኢዞቤልን ፎቅ ላይ ሄዳችሁ ከማናገራችሁ በፊት ብረቱን ለዳሞን ስጡት፣ ካርላክንም ይዛችሁ ቅረቡ፤ ሴቭም አድርጉ። ውጊያው የሚጀምረው እሷን አናግራችሁ ስትጨርሱ ነውና።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እረፍት ነው። የካራክተሮቹ ታሪክ በአብዛኛው የሚገለጠው ማታ ካምፕ ውስጥ ነው። ረጅም እረፍት በተለመደው የክብደት ደረጃ 40 ስንቅ፣ በከባዱ 80 ይበላል። ቆጣቢው ተጫዋች ስንቁን ለክፉ ቀን እያለ አራት አምስት ውጊያ በአንድ ቀን ያልፋል። በዚህ መሃል ወረፋ የያዙት ንግግሮች ይከማቻሉ፤ ታሪኩ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ሲያልፍ የተወሰኑት ጭራሽ ይቀራሉ። ከዚያ «እነዚህ ካራክተሮች ግንድ ናቸው» ይላል። ስንቅ በየበርሜሉ ሞልቷል፤ ድንች፣ ሥጋ፣ አይብ ያገኛችሁትን ወደ ካምፕ ላኩ፣ ከከባድ ውጊያ በኋላ ሁሌ እደሩ። ስንቅ ከጠፋ በከፊል ማረፍ ይቻላል፤ ጤና በከፊል ይመለሳል፣ ሌሊቱ ያልፋል። የሞተ ጓደኛ ካለም ካምፕ ያለው ዊደርስ የሚባል ካራክተር በ200 ወርቅ ያስነሳዋል፤ ይቺ ነገር የሞትን ክብደት ትንሽ ታቀለዋለች፣ በኛ አስተያየት የጌሙ ድክመት ናት።

«በአዲስ አበባ ጌም ቤት አይሆንም»

ጸሐፊው ከፒያሳ እስከ ስታዲየም፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ያሉትን ጌም ቤቶች ጠቅሰው፣ እዚያ ያለው ኳስ ብቻ ነው፣ ልጆቹ የሚከፍሉት በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው ይላሉ። ስለ ጌም ቤቶቹ ያሉት ልክ ነው። ከ50 ሰዓት በላይ የሚወስድ ታሪክ በሰዓት እየተከፈለ አይጫወቱትም፤ ከኋላ ሁለት ልጅ ተራ እየጠበቀ አንድ ካራክተር ስለ እናቱ ሲያወራ ማዳመጥም አይቻልም። ስህተቱ የፈለጉበት ቦታ ነው። አርፒጂ ያለው በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ ተማሪ ላፕቶፕ ውስጥ፣ ከሰው ሰው በሚዞር ሀርድ ዲስክ ላይ፣ ቤት ውስጥ ባለ አሮጌ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ነው። የማይታየው የሚጫወተው ሰው አደባባይ ስለማይቀመጥ ነው።

እንግሊዝኛውም ቢሆን እንቅፋት ብቻ አይደለም። እነዚህ ጌሞች አማርኛ የላቸውም። ግን የተጻፈ ንግግር ሁሉ ከሥር ይወጣል፣ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ንግግሩ እስክትመርጡ ይጠብቃል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጦ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይተረጉማል፣ ጆይስቲኩን የያዘው ይወስናል፣ ስለ ድራጎን ኤጅዋ ጠንቋይ «ኧረ ተው! ሞሪጋን ትቆጣለች» የሚል አይጠፋም። ብቻውን ከሚጫወተው ሰው ይልቅ እነዚህ ናቸው ስለ ካራክተሩ ጠባይ ጠንቅቀው የሚያውቁት፣ በየምርጫው ተከራክረውበታልና። የብቸኛ ሰው በሽታ የተባለውም እዚህ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል።

በከተማችን የእውነት ችግር የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። አንደኛው መጠን ነው። ባልደርስ ጌት 3 150 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ በሞባይል ዳታ የሚወርድ ነገር አይደለም። ድራጎን ኤጅ፡ ኦሪጅንስ 20 ጊጋ ገደማ ይበቃዋል፤ ሜሞሪው 2 ጊጋ የሆነ ያረጀ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ሁለተኛው መብራት ነው። ሴቭ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ በአንድ ሴቭ ላይ ደጋግሞ መጻፍ የ40 ሰዓት ጓደኝነትን በአንድ ብልጭታ ያጠፋል። ቢያንስ ሦስት ሴቭ በተራ ተጠቀሙ፣ ጌሙ በራሱ የሚያደርገውን አትመኑ። ኮምፒውተር ላይ በስካይሪምም በባልደርስ ጌት 3ም ኤፍ 5 ፈጣን ሴቭ ነው፤ ከከባድ ንግግር በፊት ግን በሜኑው ገብታችሁ ለብቻው አዲስ ሴቭ አድርጉ።

ሦስተኛው የጋራ ማሽን ነው። ፕሌይስቴሽን ለብዙ ሰው የሚያከራይ ቤት ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን ተጠቃሚ ስም ይክፈትለት፤ አለበለዚያ አንዱ የሌላውን ታሪክ ደምስሶ ይጀምራል። የፕሌይስቴሽን 4 ሴቭ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል፤ ደንበኛው ይዞት ሊሄድ ይችላል። የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ሴቭ ግን ወደ ፍላሽ አይገለበጥም፤ የሚቀመጠው ማሽኑ ላይ ወይም በክፍያ በሚገኘው የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክላውድ ላይ ነው። ቤቱ በኮሪደር ልማቱ ተነስቶ ሌላ ሰፈር ቢገባ ወይም ማሽኑ ቢሸጥ ታሪኩ አብሮ ይሄዳል። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ ጥሩ ነጥብ ነበራቸው።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስረሳዋል»

የመጨረሻው ክርክራቸው፣ የፈለጋችሁትን የምታወሩት፣ ሁሌም አዲስ መልስ የሚሰጥ ማሽን ካለ የተጻፈ ንግግር ማን ይፈልጋል የሚል ነው። ግን የራሳቸውን ሁለተኛ ክርክር ያፈረሱት እዚህ ላይ ነው። እምቢ የማይል ወዳጅ አደገኛ ነው ብለው ሲያበቁ፣ ለተጠቃሚው እንዲስማማ ተደርጎ የሚሠራን ማሽን የተሻለ ብለው ያመጣሉ።

የተጻፈው ካራክተር ጥንካሬ መወሰኑ ላይ ነው። አሊስተር የሚላቸው ነገሮች ተቆጥረው ያልቃሉ፤ ከጉባኤው ሲወጣ ከመቀመጫው የሚያስመልሰው ቃል አልተጻፈለትም፣ ስለዚህ የለም። ማሽኑን «ተመለስ» ብትሉት ይመለሳል። ሌላም አለ፦ አራት ኪሎ ያለው ተጫዋችና ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ያለው ተጫዋች ያዩት አንድ አሊስተርን ነው፣ ስለዚህ ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው የሚፈጠር ካራክተር ግን ማንም ሌላ ሰው አያውቀውም። ብቸኝነትን የፈሩት ጸሐፊ ይህኛው ሊያሳስባቸው በተገባ። ሬፕሊካ የተባለው የጭውውት አገልግሎት በ2023 መጀመሪያ የማሽኑን ጠባይ ሲቀይር ብዙ ተጠቃሚ ወዳጁ በአንድ ሌሊት እንደተለወጠበት ተናግሯል፤ በ2009 የተጻፈው አሊስተር ግን ዛሬም ያው ነው፣ ሲዲውን ያስቀመጠ ሰው ነገም ያገኘዋል።

ድምፅም አይረሳ። በ2023 የጌም ሽልማቶች ላይ ምርጥ ትወና የተባለው የባልደርስ ጌት 3ን ካራክተር የአስታሪዮንን ድምፅ የተጫወተው ኒል ኒውቦን ነው። አስታሪዮን ለሁለት መቶ ዓመት ባሪያ ሆኖ የኖረ ቫምፓየር ነው፤ ቀልዱ የሚሰነጠቅበትን ቦታ የሚያሰማው ተዋናዩ የት ላይ ትንፋሹን እንደሚይዝ ስለሚያውቅ ነው።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ አንድ ፈተና ያቀርባሉ፦ ከኢንተርኔት መመሪያ አውርዱ፣ የሁሉንም ካራክተር ነጥብ 100 አድርሱ፣ ከዚያ የተሰማችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ። የሚሰማ ነገር እንደማይኖር እኛም እንስማማለን፤ መልሱን ቀድሞ አይቶ የተፈተነ ሰው ምን ሊሰማው ነው? መሞከር ለሚፈልግ ሌላ አካሄድ አለ። ድራጎን ኤጅ፡ ኦሪጅንስን ያለ መመሪያ ጀምሩ። ከአራቱ ቦታ አንዱ የእናንተ ነው፤ ለቀሩት ሦስቱ ሁለት ቋሚ ሰዎች ምረጡ፣ አንዱን እየቀያየራችሁ ሂዱ፤ ሁሉንም በየጊዜው መቀየር ማንንም እንዳታውቁ ያደርጋል። ከእያንዳንዱ ዋና ተልዕኮ በኋላ ወደ ካምፕ ተመለሱና ሁሉንም አናግሩ፤ አዲስ ንግግር ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ያኔ ነው። ስጦታውን ገዝታችሁ አታከማቹ፣ ባገኛችሁበት ሰሞን ስጡ። ስተን ለተባለው ጓደኛ ሥዕሎችን ስጡት፣ የጠፋበትን ሰይፍም ፈልጉለት፤ ያለ ሰይፉ ወደ አገሩ መመለስ የማይችል ሰው ነው። ሞሪጋን ደግሞ ለሰው ስታዝኑ ትናደዳለች፤ ለእሷ ብላችሁ ምርጫችሁን አትቀይሩ፣ ቁጣዋን ቻሉት። የመኳንንቱ ጉባኤ ሲደርስ ለብቻው ሴቭ አድርጉ፣ ሎጌይን ላይ ወስኑ፣ ወደዚያ ሴቭ ሳትመለሱ ቀጥሉ። ከዘንዶው ጋር ከሚደረገው የመጨረሻ ውጊያ በፊት ባለችው ምሽት ሞሪጋን ክፍላችሁ ትመጣለች፣ አንድ ነገር ትጠይቃለች። ነገሩ ምን እንደሆነ እዚህ አንነግራችሁም።